ማስኮሬት መስከር አይደለም፦ በሥራ ቦታ የሚያምታቱ የዕብራይስጥና የአማርኛ ቃላት



በአፉላ ኢንዱስትሪ ቀጠና፣ በተለይም ከከተማዋ አጠገብ ባለው በአሎን ታቦር፣ ሥራ የሚጀምር የጎንደር ሰው ገና ከበሩ የሚያውቀው ስም ያገኛል። «አሎን» የበሉጥ ዛፍ ማለት ሲሆን «ታቦር» ደግሞ ከቀጠናው ሆኖ የሚታየው ተራራ ነው። በደቡብ ጎንደር ያለችው ደብረ ታቦርም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ተራራ ነው። አማርኛና ዕብራይስጥ ሁለቱም ሴማዊ ቋንቋዎች በመሆናቸው የሚታወቅ ድምፅ በየቦታው ያጋጥማል። ነገር ግን የሚመሳሰለው ሁሉ ዘመድ አይደለም፤ ዘመድ የሆነውም ሁልጊዜ አንድ ትርጉም የለውም።

በቀላሉ የሚያዘው ይህ ነው፦ በእኛ በ«ወ» የሚጀምሩ ብዙ ግሦች በዕብራይስጥ በ«የ» ይጀምራሉ። ወረደ «ያራድ»፣ ወለደ «ያላድ»፣ ወረሰ «ያራሽ» ይባላል። «ዬሌድ» (ልጅ) የሚለውም ከመውለድ የመጣ ነው። በአንጻሩ «ሚ» ማን፣ «ማ» ደግሞ ምን ማለት ስለሆነ አናባቢው ከእኛ ጋር ተገለባብጧል፤ አዲስ ሠራተኛ እዚህ ላይ ቶሎ ይሳሳታል። «ቤት ሴፌር»ም የሰፈር ቤት ሳይሆን የመጽሐፍ ቤት፣ ማለትም ትምህርት ቤት ነው።

ወደ ደመወዝ እንምጣ። «ማስኮሬት» የወር ደመወዝ ሲሆን ለአማርኛ ጆሮ «መስከር» ይመስላል። ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። በዕብራይስጥ «ሳኻር» (የሥራ ዋጋ) እና «ሼኻር» (የሚያሰክር መጠጥ) የሚጻፉት በተመሳሳይ ሦስት ፊደላት ነው። የሚለያቸው ፊደሉ «ሲን» ወይም «ሺን» መሆኑን የምታሳይ አንዲት ነጥብ ስትሆን፣ እሷም በዕለታዊ ጽሑፍ ላይ አትደረግም። የእኛ «ሰከረ» የ«ሺኮር» (ሰካራም) ወንድም ነው፤ ከደመወዙ ጋር ግን አይዛመድም።

«ኦቬድ» ሠራተኛ ነው፤ የሚጻፈውም በ«ዐይን» ነው። «ኢቤድ» ደግሞ በ«አሌፍ» ይጻፋል፤ ዕቃ ጠፋበት ማለት ነው። የመግቢያ ካርዱን የጣለ ሰው አለቃው ስለ እሱ «ኢቤድ» ሲል ቢሰማ «እብድ» ተብዬ ተሰደብኩ ሊል ይችላል። የሚገርመው፣ የእኛ «አበደ» የሚዛመደው ከዚሁ ከመጥፋቱ ሥር ነው። (የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛም በዕብራይስጥ «ኦቬድ ሶትስያሊ» ስለሚባል፣ ሙያችን ከእብደት ጋር እንደማይያያዝ ለሽማግሌዎች ማስረዳት የሥራችን አካል ነው።) ከሁሉ የሚከብደው «ሂትአቤድ» ነው። ይህ ቃል «ራሱን ገደለ» ማለት ሲሆን «አበደ» ብሎ ለመተርጎም ግን ምላስ ይቸኩላል። በሐኪም ፊት ለእናቱ የሚያስተረጉም የ12 ዓመት ልጅ ሁለቱን ቢያምታታ የሚሰጠው እርዳታ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ልጅን አስተርጓሚ ባናደርግ ይሻላል።

በፋብሪካ ቢሮ ግን ብዙ ሰው የሚጎዳው ሁለት የዕብራይስጥ ቃላት እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉበት ነው። «ፒቱሪም» አሠሪው ሠራተኛውን ሲያሰናብት ነው፤ «ሂትፓትሩት» ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ ሲለቅ ነው። ሥራቸው አንድ ሲሆን ሐሳቡም መለቀቅ ነው፤ ከግብር ነፃ የሆነ ሰው «ፓቱር» ይባላል፣ ሞትም በአክብሮት «ፕቲራ» ይባላል። ፊደሎቹ ከእኛ «ፈጠረ» ጋር አንድ ቢሆኑም ትርጉሙን ለማወቅ አይረዱም።

እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው የስንብት ካሳ ሕግ መሠረት ቢያንስ አንድ ዓመት ሠርቶ የተሰናበተ ሰው ካሳ ይገባዋል። በራሱ የለቀቀ ግን እንደ ጤና ያሉ በሕጉ የተዘረዘሩ ምክንያቶች ከሌሉት በአጠቃላይ አይከፈለውም። በቢቱዋህ ሌኡሚም በኩል ያለ በቂ ምክንያት በፈቃዱ የለቀቀ ሰው ለመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት የሥራ አጥ አበል አያገኝም። ስለዚህ «እዚህ ፈርም» ሲባሉ ከ«ፔ» ፊደል በፊት ያለውን ይመልከቱ። «ሄ» እና «ታቭ» ካሉ «ሂትፓትሩት» ነው፤ «ሜም» እና «ታቭ» ካሉ ደግሞ «ሚትፓቴር»፣ ማለትም «በፈቃዴ እለቃለሁ» የሚል ነው። ያባረረዎት አሠሪው ከሆነ በዚያ ወረቀት ላይ አይፈርሙ፤ ቅጂ ይጠይቁና ለሚያነብልዎት ሰው ያሳዩ።