ስለ ከባድ ድምፅ መመለስ

የጥንቱን ነገር ለመመርመር የሚወድ ሰው ዓይኑን ወደ መጽሐፍና ወደ ሕንፃ እንደሚያቀና ሁሉ ጆሮውንም ወደ ድምፅ ማዘንበል ይገባዋል። ይህን ሐሳብ ያሳደረብን የላስታ አገር ነው።

በልደት በዓል በላሊበላ ከተማ፣ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከአለቱ ላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኵሉን ሲያቀርቡ ያየ ሰው የከበሮውን ድምፅ አይረሳውም። ነገር ግን በማሕሌት ሥርዓት ከበሮ በድንገት አይገባም። ቃሉ አስቀድሞ ያለ መሣሪያ በቁም ዜማ ይዜማል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከዚያ በኋላ ጸናጽልና ከበሮ ይጨመራሉ፤ መረግዱም እየፈጠነ ሄዶ በጽፋት ይፈጸማል። እንግዲህ ከባዱ ድምፅ የሚመጣው ቀጭኑ ዜማ መሠረቱን ካስያዘ በኋላ ነው። ይህን እንደ ሚዛን ይዘን ወደ ዘመናዊው ሙዚቃ እንለፍ።

የወሎ አገር በዚህም ታሪክ ባዕድ አይደለም። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎን ቦታዎች ስም የያዙ ናቸው። ሮሐ የሚለው የላሊበላ የቀድሞ ስምም የአንድ ታላቅ ባንድ መጠሪያ ሆኗል። ይኸውም በ1975 (ዓመታቱን የምንቈጥረው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) ከማሕሙድ አሕመድ ጋር «ኤረ መላ መላ»ን ያስቀረጸው አይቤክስ ባንድ፣ ኋላ አባሎቹ ሮሐ ባንድ ተብለው የሠሩበት ነው።

የዚያው ዘመን ጓደኛው ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት ነበር። በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ ድራሙ፣ ባስ ጊታሩ፣ ኦርጋኑና ሳክሶፎኑ ተባብረው የአገራችንን ዜማ በከባድ ድምፅ ያሰሙበት ሥራ ነው። ዘመኑ ግን ለሙዚቃ የተመቸ አልነበረም። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በሰዓት እላፊ ምክንያት ተጫዋቹም አድማጩም በአንድ አዳራሽ ተዘግተው እስኪነጋ የሚቈዩበት ጊዜ ነበር። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ከአባሎቹም አንዳንዶቹ፣ ከእነርሱም አንዱ ኦርጋን ተጫዋቹ አቶ ኃይሉ መርጊያ፣ በዚያው ቀሩ።

አቶ ኃይሉ በ1985 አንድ ካሴት ብቻቸውን ቀረጹ። አኮርዲዮኑንም የኤሌክትሪክ ፒያኖውንም ሲንቴሳይዘሩንም ራሳቸው ተጫወቱ፤ ድራሙን ግን መኪና መታው። ከዚያ በኋላ በዋሽንግቶን ታክሲ እየነዱ ብዙ ዓመት ኖሩ። በአውሮፕላን ጣቢያ ተራ ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን ከመኪናቸው ውስጥ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። በኋላ ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያን ካሴት በባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደ ገና አሳተመው። በዚህም ምክንያት አቶ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 ያወጡትን «ላላ በሉ»ንም ሲሠሩ ሕያው ባስና ሕያው ድራም ከጎናቸው አቆሙ። ሲሠሩ የቈየው የመኪና ምት ለሰው እጅ ቦታውን ለቀቀ።

እንዲህ ያለውን መመለስ የሚነቅፉ አሉ። ሽማግሌ ወደ ጐልማሳነቱ ድምፅ ቢመለስ ሽበትን እንደ መቀባት ነው ይላሉ። ይህ ክርክር በውጭ አገርም የታወቀ ነው። ሜታሊካ የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ1990ዎቹ ድምፁን አለዝቦ፣ በ2008 ወደ ከባዱ አጨዋወት በተመለሰ ጊዜ አድማጮቹ የተከራከሩት በዚሁ ጕዳይ ነበር። በእኛ አስተያየት ነቀፋው አንዳንድ ጊዜ እውነት አለው፤ ጩኸትን ብቻ ፈልጎ የሚመለስ ሰው ከጩኸት በቀር የሚያገኘው የለምና። የአቶ ኃይሉ መመለስ ግን ከዚህ ይለያል። የብቸኝነቱ ካሴትና የታክሲው ውስጥ ልምምድ ለእርሳቸው እንደ ቁም ዜማ ሆነዋቸዋል። ዜማው ባይጠበቅ ኖሮ ድራሙ በምን ላይ ባረፈ ነበር?

ከዚህ ታሪክ የሚያሳዝነን አንድ ነገር አለ። ካሴቱ የተገኘው በአገራችን ከተማ ነው፤ ዋጋውን ዐውቆ ያነሣው ግን እንግዳ ሰው ነው። በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ስንት እንዲህ ያለ ካሴት አቧራ ለብሶ ይሆን? የካሴት ክር እንደ ቤተ ማርያም አለት አይጸናም፤ እርጥበትና ሙቀት ያበላሸዋል። ስለዚህ መምህራንና ተማሪዎች፣ በየመሥሪያ ቤቱም ያላችሁ ወገኖች፣ የተጫዋቾቹን ስምና ዓመቱን ጽፋችሁ፣ ድምፁንም ወደ አዲስ መሣሪያ አዛውራችሁ እንድትጠብቁ እንለምናለን። ከባዱ ድምፅ ተመልሶ ሲመጣ የሚያርፍበት ዜማ ይኑረው።