የገል ፍርድ በአቴና

ከጌታችን ከኢየሱስ ክርስቶስ ልደት በፊት በ490 ዓመት የአቴና ሰዎች በማራቶን ሜዳ የፋርስን ጦር ድል በመቱ ጊዜ፣ የአዝማቹ የሚልቲያዲስ ስም በከተማዪቱ ሁሉ ገነነ። (ከዚህ በታች የሚነገሩት የጥንት ዘመናትም ከልደት በፊት ያሉ ናቸው።) በዚያን ሰሞን ቴሚስቶክሊስ የተባለው የአገሩ ሰው ከግብዣ ቀረ፤ ሌሊቱንም ያለ እንቅልፍ ያነጋ ጀመር። ምን እንዳገኘው ወዳጆቹ ቢጠይቁት፣ የሚልቲያዲስ ድል እንቅልፍ እንደ ነሣው መለሰላቸው ሲል ፕሉታርክ ጽፎአል።

ይህ ነገር ምቀኝነት ይመስለን ይሆናል። ግሪኮች ግን ቅንዓትን ሁሉ በአንድነት አይነቅፉም ነበር። ባለቅኔው ሄሲዮድ ፉክክር ሁለት ዓይነት መሆኑን፣ አንደኛው ጠብንና ጦርነትን የሚያበዛ፣ ሁለተኛው ግን ሰነፉን ሰው የጎረቤቱን እርሻ እያሳየ ለሥራ የሚያስነሣው መሆኑን ከብዙ ዘመን አስቀድሞ አስተምሮ ነበር። ስለዚህ በኦሎምፒያ ሯጮቹ፣ በዲዮኒሶስ በዓል ባለቅኔዎቹ በዳኞች ፊት ይሽቀዳደሙ ነበር። አስቸጋሪው ጉዳይ፣ ሁለት ታላላቅ ሰዎች በአንድ ሸንጎ ለክብር ሲሽቀዳደሙ ከተማዪቱ ለሁለት እንዳትከፈል ምን ይደረግ የሚለው ነው።

አቴናውያን ለዚህ ያገኙት መድኃኒት የሸክላ ስባሪ ነው። በየዓመቱ ሸንጎው አንድ ሰው ከአገር ይውጣ ወይስ አይውጣ ተብሎ ይጠየቃል። ይውጣ ከተባለ፣ በተቀጠረው ቀን እያንዳንዱ ዜጋ የሚጠላውን ወይም የሚፈራውን ሰው ስም በገል ላይ ጽፎ ይጥላል። ፕሉታርክ እንደሚለው የተሰበሰበው ገል ከ6000 ካላነሰ፣ ብዙ ድምፅ የወጣበት ሰው ለ10 ዓመት ይሰደዳል። ክስ የለም፤ ምስክር የለም፤ መከላከያ ንግግርም የለም። ነገር ግን ሀብቱ አይወረስም፣ ክብሩም አይገፈፍም። ወንጀለኛ ነው አልተባለምና። በዚህ ሥርዓት መጀመሪያ የተሠራበት በ487 ዓመት ነው።

የቴሚስቶክሊስ ዋና ተፎካካሪ «ጻድቁ» የሚባለው አሪስቲዲስ ነበር። በ483 ዓመት በላውሪዮን ብዙ የብር ማዕድን በተገኘ ጊዜ ገንዘቡ ለየዜጋው 10 ድራክማ ይታደል የሚል አሳብ ተነሣ። ቴሚስቶክሊስ ግን ብሩ የጦር መርከብ ይሠራበት ብሎ ሸንጎውን አሳመነ። በዓመቱ አሪስቲዲስ ተሰደደ፤ ሁለቱም ነገሮች የተያያዙ ናቸው ብለው የሚገምቱ የታሪክ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። በድምፁ ቀን ማንበብ የማይችል ባላገር አሪስቲዲስን ሳያውቀው ገሉን ሰጥቶ፣ የአሪስቲዲስን ስም ጻፍልኝ አለው ይባላል። ምን በደለህ ቢለው፣ በየቦታው ጻድቁ ጻድቁ ሲባል መስማት እንዳሰለቸው ነገረው። አሪስቲዲስም የገዛ ስሙን ጽፎ መለሰለት።

ነገሩ ሁሉ ግን የባላገር የዋህነት ብቻ አልነበረም። በ20ኛው መቶ ዓመት፣ በ1937 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በአክሮፖሊስ ሰሜናዊ ቁልቁለት ከአንድ ጉድጓድ 190 የሚያህሉ ገሎች ተቈፍረው ወጡ። በሁሉም ላይ የተጻፈው የቴሚስቶክሊስ ስም ነው፤ የእጁ ጽሕፈት ሲመረመር ግን ጸሐፊዎቹ 14 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ጠላቶቹ ገሉን አስቀድመው አጽፈው ለሕዝብ ሊያድሉት አሰናድተው እንደ ነበር ከዚህ ይታያል።

በ480 ዓመት የፋርሱ ንጉሥ ክሴርክሲስ በመጣ ጊዜ የተሰደዱት ተጠሩ። ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው፣ አሪስቲዲስ በሳላሚስ ዋዜማ በሌሊት በጠላት መርከቦች መካከል አልፎ መጣና ቴሚስቶክሊስን ከአዝማቾቹ ጉባኤ አስጠርቶ፣ ፉክክራችን ለአገር ማን ይበልጥ ይጠቅማል በሚለው ይሁን አለው። ጠላት እንደ ከበባቸውም ነገረው። ቴሚስቶክሊስ ከበባውን በምሥጢር ያመጣው እርሱ ራሱ መሆኑን ገለጠለትና፣ እኔ ብናገር ፈጠራ ይመስላቸዋል፤ አንተ ግባና ንገራቸው ብሎ ለመነው። የአሪስቲዲስ መታመን በዚያች ሌሊት ከብዙ መርከብ ይልቅ ያስፈለገ ይመስለኛል። በማግሥቱ በብሩ የተሠሩት መርከቦች ድል አደረጉ።

ከድሉ በኋላ አዝማቾቹ የጀግንነት ሽልማት ለማን ይገባል ተብለው ድምፅ ሲሰጡ፣ እያንዳንዱ አንደኛ ራሱን፣ አብዛኞቹም ሁለተኛ ቴሚስቶክሊስን መረጡ። (በማናቸውም መሥሪያ ቤት ሹመት ሲነገር የኖረ ሰው ይህን ሲያነብ ሳይስቅ አይቀርም።) ዳሩ ግን በ471 ዓመት ግድም ተራው የቴሚስቶክሊስ ሆነና በገል ተሰደደ፤ ኋላም በፋርስ ንጉሥ ጥላ ሥር በማግኔስያ ሞተ።

ሥርዓቱ ያበቃው ሁለት ተፎካካሪዎች በመታረቃቸው ነው። ከ417 እስከ 415 ባለው ጊዜ ኒቅያስና አልቅብያዲስ አንዳቸው እንዲሰደዱ ሲጠበቅ፣ ወገኖቻቸውን በምሥጢር አስተባብረው ገሉን ሁሉ ሂፐርቦሎስ በሚባል ሦስተኛ ሰው ላይ አስጣሉ። ሕዝቡ መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላም ተቈጣ። ከዚያ ወዲህ በአቴና ማንም በገል አልተሰደደም።