የመንዝ ሰንበቴ፦ የእሑድ ማዕድ ታሪክ

ሰንበቴ የአንድ አጥቢያ ምእመናን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ግቢ አብረው የሚመገቡበት ማኅበር ነው። እህል ውኃው ከአባላቱ ቤት በተራ ይመጣል። ተረኛው ዳቦውን ጋግሮ፣ ጠላውን ጠምቆ ያቀርባል፤ ካህናቱ ይባርካሉ፤ አባሉም፣ መንገደኛውም፣ በደጀ ሰላሙ የተቀመጠው ነዳይም ከዚያው ይቀምሳል። በጻድቅ ወይም በሰማዕት ስም ከሚጠጣው የጽዋ ማኅበር የሚለየው በቀኑና በቦታው ነው። የጽዋ ማኅበር በወር አንድ ጊዜ፣ በመታሰቢያው ዕለት፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ይውላል። ሰንበቴ ግን የእሑድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያንም አይርቅም። ልማዱ በመላው የኢትዮጵያ ክርስቲያን ደጋ የታወቀ ቢሆንም፣ በመሐል ሜዳና በዙሪያዋ ባለው የመንዝ ምድር የያዘው መልክ ከአገሩ ብርድ፣ ከገብሱና ከሸዋ ታሪክ ተለይቶ ሊታይ አይችልም።

መሐል ሜዳ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ከተማ ናት። ከጣርማ በር ተገንጥሎ በመዘዞና በሞላሌ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው መንገድ ወደ እርሷ ያደርሳል። የቆመችው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ ጤፍን ውርጭ አያስተርፈውም፤ አገሩ የገብስ አገር ነው። ከገብስ ቀጥሎ ባቄላ፣ ስንዴና ምስር ይዘራል፤ አዝመራውም በክረምቱ ዝናብ ብቻ ሳይሆን በበልጉም ላይ የተመሠረተ ነው። ዛፍ ስለሚጎድል ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው። በርበሬ ከቆላ በገበያ ይመጣል። በግ ግን ሞልቷል፤ ጠጉሩ ተፈትሎ ባና ይሆናል፣ ሰዉም ያንን ለብሶ ብርዱን ይችላል። ወደ ጀማ ሸለቆ ወረድ ሲባል የሚገኘው መርሐቤቴ ጤፍና ማሽላ ያበቅላል። ስለዚህ በዚያ የሰንበቴው መሶብ በጤፍ እንጀራ ሲሞላ፣ በመንዝ የገብስ እንጀራና የገብስ ወይም የስንዴ ዳቦ ይቀርባል። ደንቡ አንድ ነው፤ ማዕዱን የሚወስነው መሬቱ ነው።

ክርስቲያኖች በጋራ መብላት የጀመሩት በሐዋርያት ዘመን ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 በኢየሩሳሌም ስለነበረው የጋራ ማዕድ ይናገራል። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 11፣ ባለጠጋው የራሱን ምግብ ቀድሞ በልቶ ሲጠግብ ድሃው ተርቦ መዋሉን አጥብቆ ይነቅፋል። ይህ የፍቅር ማዕድ በሜዲትራኒያን ዙሪያ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ከጊዜ በኋላ እየተዳከመ ሄደ። በ4ኛው ምዕት ዓመት በሎዶቅያ የተሰበሰበው ጉባኤ በ28ኛው ቀኖናው ማዕዱ በቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ እንዳይደረግ ከለከለ። በኢትዮጵያ ሥጋ ወደሙ በቅድስት ይሰጣል፤ ዳቦና ጠላ ግን ውጪ፣ በቅጽሩ ውስጥ በተሠራ ሰንበቴ ቤት ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ይቀርባል። ሁለቱ ማዕዶች ሳይቀላቀሉ በአንድ አጥር ውስጥ መኖር ችለዋል። ጳውሎስ የነቀፈው ጥፋትም በተራው ሥርዓት መልስ አግኝቷል፤ ሁሉም የሚበላው የአንዱን ቤት እህል ስለሆነ የየራሱን የሚያስቀድም የለም።

ሰንበት ይህን ያህል ክብር ያገኘበት ታሪክ ራሱ ከመንዝ ደጃፍ የራቀ አይደለም። በ14ኛው ምዕት ዓመት አባ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው ቅዳሜም እንደ እሑድ ሊከበር ይገባል በማለታቸው ከቤተ መንግሥትና ከሌሎች ገዳማት ጋር ተጣልተው ብዙ መከራ ተቀበሉ። ክርክሩ የተዘጋው ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. በነገሡት በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ነው። ንጉሡ በ1450 እ.ኤ.አ. ከመንዝ ጋር በሚዋሰነው በተጉለት፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጠሩ፤ ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤልም ባሉበት ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ።

ውሳኔው ወደ ወጥ ቤትም ገብቷል። ቀዳሚት ሰንበትን አጥብቆ በሚያከብር ቤት ቅዳሜ አይታረስም፣ ድንጋይ ወፍጮም አይዞርም። እሑድማ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ የእሑዱ ዳቦ ዱቄት አርብ ማታ ማለቅ አለበት፤ ጠላው ደግሞ ከዚያ ብዙ ቀናት ቀድሞ መጠንሰስ አለበት። ሰንበቴ የአንድ ቀን ግብዣ ቢመስልም በተረኛው ቤት የሳምንት ሥራ ነው።

በ16ኛው ምዕት ዓመት የኢማም አሕመድ ዘመቻ የሸዋን አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት አወደመ፤ ደብረ ሊባኖስ በ1531 እ.ኤ.አ. ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ በነበረው ረጅም ሁከት ከፍተኛውና ገደላማው መንዝ ለሸዋ ክርስቲያኖች መጠጊያ ሆነ። በ17ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ከመንዝ የተነሣው ነጋሲ የሸዋን ሥርወ መንግሥት መሠረተ። የልጅ ልጆቹም መቀመጫቸውን ወደ ደቡብ እያወረዱ አንኮበር ደረሱ፤ ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የዚህ ዘር ናቸው። ከነገሥታቱ ጋር ሌላ የጋራ ማዕድ አብሮ አደገ፤ እርሱም ግብር ነው። በግብር አዳራሽ የሚያበላው አንድ ጌታ ነው፤ ተመጋቢው በማዕረጉ ይቀመጣል፣ ጠጁም ሥጋውም በማዕረግ ይለያያል፣ የበላም ላበላው ያድራል። ሰንበቴ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ዛሬ ያበላው ሰው በሚቀጥለው እሑድ ተመጋቢ ይሆናል፤ ስለዚህ ማንም ለማንም ባለዕዳ ሆኖ አይቀርም። የነገሥታቱ ግብር በዜና መዋዕልና በጉዞ መጻሕፍት በስፋት ተጽፎለታል፤ ሰንበቴ ግን በየአጥቢያው በልማድ ብቻ ኖረ። ይሁን እንጂ የመንዝን ገበሬ ኑሮ ማወቅ ለሚፈልግ ሰንበቴው ከአዳራሹ ይልቅ ብዙ ያስተምራል።

የጠላው ሥራ የሚጀምረው ከብቅሉ ነው። ገብሱ ተዘፍዝፎ፣ እስኪያቆጠቁጥ ተሸፍኖ ይቀመጥና ደርቆ ይፈጫል። ከተወቀጠ ጌሾ ጋር በውኃ ይጠነሰሳል። ጥንስሱ ሲደርስ የተጋገረው ቂጣ ተቆራርሶ ይጨመርበታል፤ ተቆልቶ የተፈጨው አሻሮም ይከተላል። ድፍድፉ በጋን ታሽጎ ይከርማል፤ በመጨረሻም ውኃ ይሞላበትና ይጠለላል። በብርዳማው መንዝ ጠላ ከቆላው ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚፈላ ቀኑን ቆጥሮ መጀመር የባለሙያዋ ፈንታ ነው። ድፎው ዳቦ ከሥርም ከላይም እሳት ይፈልጋል፤ የኩበት እሳት ደግሞ ሁልጊዜ ዓይን ሊለየው የማይገባ እሳት ነው። ከዚህ ሌላ ባቄላና ስንዴ ለንፍሮ ይቀቀላል፣ ሽሮ ይሠራል፣ እንጀራ ይጋገራል። ይህ ሁሉ የሴቶች ሥራ ነው። በማኅበሩ ስም የሚቆጠረው ግን ብዙውን ጊዜ ባልየው ነው፤ ተራውም በእርሱ ስም ይጠራል። ሰንበቴን በወንዶቹ መቀመጫና በሽማግሌዎቹ ንግግር ብቻ መተረክ ስለዚህ ግማሹን ታሪክ መተው ነው፤ ማኅበሩን ለዘመናት ያቆመው በጋኑና በምጣዱ ዙሪያ የፈሰሰው ላብ ነው።

እሑድ ጠዋት ጠላው በእንስራ፣ ዳቦውና እንጀራው በመሶብ ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ለዚህም ጎረቤትና ዘመድ ያግዛል። ቅዳሴው ሲያበቃ አባላቱ ይሰበሰባሉ። ማኅበሩን የሚመራው ሰው ሙሴ ይባላል፤ ተራ የሚያስይዝ፣ የቀረውን የሚጠይቅ፣ ሥርዓት የሚያስከብር እርሱ ነው። ካህኑ ጸልዮ ዳቦውን ይባርክና ይቆርሳል። ካህናቱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ሌላውም ሕዝብ እንደየቦታው ይቀመጣል፤ ወጣቶች ቆመው ያስተናግዳሉ። የነዳያንና የቆሎ ተማሪዎች ድርሻ ሳይወጣ ማዕዱ ሙሉ አይባልም። ከቤቱ ርቆ ቅኔና ዜማ ለሚማር ልጅ ሰንበቴ የሳምንቱ ዋና ምግብ ሊሆን ይችላል።

ከተበላና ከተጠጣ በኋላ የአጥቢያው ጉዳይ ይነሣል። የተጣሉ ሰዎች ይታረቃሉ። የታመመ ካለ ይጠየቃል፣ እህሉን ማጨድ ላልቻለ የሚረዳው ሰው ይመደባል። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ አባል ይቀጣል። በመጨረሻ የሚቀጥለው ተረኛ ይታወቃል፣ ተራውንም በሰው ፊት ይቀበላል። አባልነቱ በብዙ ቦታ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ የሟች ልጅ የአባቱን ተራ መውሰዱ እንደ ርስት መውረስ ይቆጠራል።

የሰንበቴ ምግብ ከጾም ጋር በቀላሉ ይስማማል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቅዳሜና እሑድ፣ ከቀዳም ስዑር በቀር፣ በዐቢይ ጾም እንኳ ከጥሉላት ይታቀቡባቸዋል እንጂ ከእህል ውኃ አይጾሙባቸውም። ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ሽሮና ጠላ የጾም ምግብ ስለሆኑ ማዕዱ ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ይህ ለድሃ አባል ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሥጋ ግዴታ ቢሆን ኖሮ በግ የሌለው ሰው ተራውን መወጣት ባልቻለ ነበር።

ማዕዱ ግን ባለበት አልቆመም። እስከ 19ኛው ምዕት ዓመት ድረስ የሸዋ ክርስቲያን ቡናን የሌላ ሃይማኖት መጠጥ አድርጎ ይሸሸው ነበር፤ ዛሬ እሑድን ያለ ቡና የሚያሳልፍ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1858 እ.ኤ.አ. በጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር አማካይነት ነው፤ አሁን የደጋው ሰው ወጥ ውስጥ ቦታ አለው። ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን የሞተር ወፍጮ መምጣቱ ነው። የአርብ ማታውን የድንጋይ ወፍጮ ከሴቶቹ ጫንቃ አውርዷል።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን መንዝ ውስጥ ኖሮ ያጠናውን መሠረት አድርጎ በ1965 እ.ኤ.አ. ሰምና ወርቅ የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። ሌቪን የአማራ ገበሬ ለራሱና ለቤቱ የሚያደላ፣ ለሰፊ የጋራ ሥራ የማይቸኩል ነው የሚል ድምዳሜ ደርሶ ነበር። ስለ እርሻና ስለ ርስት ሙግት ያየው እውነትነት አለው። ነገር ግን በየሳምንቱ ያለ ሹም ትእዛዝ፣ ያለ ጽሑፍና ያለ ደመወዝ ተራውን ጠብቆ አገር የሚያበላ ሕዝብ መተባበር ይጎድለዋል ማለት አይቻልም። መንዝ በዚህ ረገድ ሌላም ምስክር አለው፤ ጓሳ የተባለውን የጋራ መሬት ሣር ቆርጦ እንዳይጨርስ፣ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቅ የኖረው ይኸው ገበሬ ነው።

የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ወሰደ፤ የቄሮ ሥርዓትም በዚሁ ፈረሰ። የገጠር ካህናት ከመሬት ያገኙት የነበረው ገቢ ሲቋረጥ፣ በ1965 ዓ.ም. በቃለ ዓዋዲ የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤ የሚሰበስበው አስተዋፅኦና የምእመናኑ ዝክር መተዳደሪያቸው ሆነ፤ የሰንበቴውም ድርሻ ከቀድሞው ይበልጥ ከበደ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ መንዝና ግሼ ከተጎዱት አካባቢዎች መካከል ነበሩ። በልግ በሚቀርበት ዓመት ጋን የሚሞላ ገብስ አይገኝም። ልማዱ ለእንዲህ ያለ ጊዜ መውጫ አስቀምጧል፦ ተረኛው ያለውን ያቀርባል፤ ቆሎና ውኃም ቢሆን ተባርኮ ይበላል።

ከመንዝ ወደ አዲስ አበባ የፈለሱ ሰዎች ሰንበቴን ይዘው ሄደዋል። በከተማው ደብሮች ቅጽር ውስጥ ረድፍ የያዙ የሰንበቴ ቤቶች ይታያሉ። እዚያ ዳቦው ከዳቦ ቤት፣ መጠጡም ከሱቅ ሊገዛ ይችላል፤ ተራውን በገንዘብ መዋጮ የተኩ ማኅበራትም አሉ። ድግሱ የፉክክር እየሆነ ሲሄድ ግን ጉዳት ያመጣል። ተራው ከአቅም በላይ ከሆነ ድሃው ከማኅበሩ ይወጣል፤ የጥንቱ የገብስ ሰንበቴ ከዚህ ይሻላል። በዋሽንግተንና በሌሎች የውጭ አገር ከተሞች ባሉት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናትም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሽ አብሮ መብላት የተለመደ ነው፤ እንጀራውና ወጡ ዛሬም ከየቤቱ ተሠርቶ ይመጣል።