ባሪያ ስትጭን የኖረችው መርከብ

ስለ ባሪያ ንግድ ስናወራ አንዱ ተማሪዬ «ቲቸር፣ እነዚያን መርከቦች የሚይዛቸው አልነበረም እንዴ?» አለኝ። ደወል ስለተደወለ እዚህ ልመልስለት።

ሄንሪኬታ የምትባል የብራዚል መርከብ ነበረች። በስድስት ጉዞ ከ3,000 በላይ አፍሪካውያንን አጓጉዛለች። ፍጥነቷ ጉድ ነው፤ በቀላሉ የሚደርስባት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1827 ግን ሲቢል የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ያዘቻት። ውስጧ 569 ሰው ታጭቆ ነበር!

እንግሊዞች ያንኑ ፍጥነቷን ፈልገው ገዟት። ስሟን ብላክ ጆክ አሉትና የባሪያ ነጋዴ ማሳደጃ አደረጓት። በ1829 መጀመሪያ ላይ ኤል አልሚራንቴ ከተባለች የስፔን መርከብ ጋር ገጠመች። ያቺ 14 መድፍ አላት፣ የኛዋ ሁለት ብቻ። ነፋሱ ቀጥ ሲል መርከበኞቹ በመቅዘፊያ እየቀዘፉ ተጠጓት፤ አሸነፉም። 466 ሰው ከእስር ወጣ።

ነጻ ወጡ ስንል ግን አገራቸው ገቡ ማለት እንዳይመስላችሁ። የተያዙት መርከቦች የሚወሰዱት ወደ ፍሪታውን ነበር፤ አብዛኛው ሰው እዚያው ቀረ። ልጆቹንማ «ሙያ ይማሩ» እየተባለ ለሰው ያድሏቸው ነበር። እኔን የሚከነክነኝ ይሄኛው ነው።

ብላክ ጆክም እንጨቷ በሰበሰ። በ1832 እዚያው ፍሪታውን ላይ አቃጠሏት።