ከሁግሊ እስከ ሊዬዥ፦ ምናብ በቀዶ ሕክምና ታሪክ ውስጥ

ኤተር ከመታወቁ በፊት የአንድ ቀዶ ሐኪም ችሎታ በዋናነት የሚመዘነው በእጁ ፍጥነት ነበር። በለንደን ዝነኛ የነበረው ሮበርት ሊስተን እግር ቆርጦ ለመጨረስ የሚፈጅበት ጊዜ በሰኮንድ ይቆጠር እንደነበር ይነገራል። ይህ ለታይታ የሚደረግ አልነበረም። በሽተኛው ነፍሱን እያወቀ፣ በጠፍር ታስሮና በጉልበተኞች ተይዞ የሚቆረጥ በመሆኑ፣ እያንዳንዷ ደቂቃ ለሥቃይም ለሞትም ታቀርበው ነበር። ስለዚህ ረጋ ብሎ መሥራትን የሚጠይቅ ቀዶ ሕክምና ሁሉ ከሐኪሙ አቅም ውጭ ሆኖ ቆየ። የዚህ ዘመን ማብቂያ ሆኖ በታሪክ የሚጠቀሰው ጥቅምት 16 ቀን 1846 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ዊሊያም ሞርተን በቦስተን ከተማ የኤተርን ማደንዘዣነት በአደባባይ ያሳየበት ዕለት ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ዕለት አንድ ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ፣ ከቦስተን እጅግ በራቀች አንዲት የቤንጋል ከተማ፣ ያለ ኤተርና ያለ ሌላ መድኃኒት በሽተኞች እንደተኙ ይቀደዱ ነበር።

ከተማዋ ከካልካታ በስተሰሜን በወንዝ ዳር የምትገኘው ሁግሊ ናት። ሐኪሙም በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ተቀጥሮ የሄደው የ37 ዓመቱ ስኮትላንዳዊ ጄምስ ኤስዴይል ነበር። ሚያዝያ 4 ቀን 1845 በዘር ፍሬው ዙሪያ ውኃ የቋጠረ አንድ እስረኛ ቀረበለት። በጊዜው እንደተለመደው ውኃው ከተቀዳ በኋላ ቦታው መልሶ እንዳይቋጥር የሚያቃጥል መድኃኒት ተጨመረበት፤ እስረኛውም በሕመም ይንፈራገጥ ጀመር። ኤስዴይል በዚያን ሰዓት በአውሮፓ ብዙ ክርክር ያስነሳው «የእንስሳዊ መግነጢስ» ሕክምና ትዝ አለው። ሲደረግ አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው በንባብ ብቻ ነው። ይሳካልኛል ብሎም አላሰበም። ቢሆንም እጁን ከሰውየው ገላ ጥቂት አራርቆ፣ ከራሱ ወደ ሆዱ ደጋግሞ እያወረደ፣ ትንፋሹንም እያሳረፈበት ሳያቋርጥ ቀጠለ። ከብዙ ድካም በኋላ እስረኛው ሕመሙን ረሳ፤ ቀጥሎም ቢወጉት፣ እሳት ቢያስጠጉበት የማይነቃ እንቅልፍ ወሰደው። ሐኪሙ ተጠራጥሮ የከተማይቱን ዳኛ ለምስክርነት አስጠራ።

ኤስዴይል በንባብ ያገኘው ትምህርት ግን በሳይንስ ሸንጎ ተመርምሮ ከወደቀ 60 ዓመት አልፎት ነበር። የትምህርቱ አባት ፍራንዝ አንቶን መስመር ይባላል። በቪየና ሕክምና ተምሮ በ1778 ወደ ፓሪስ የመጣው ይህ ሰው፣ በፍጥረት ሁሉ ውስጥ የሚዘዋወር ረቂቅ ፈሳሽ አለ፤ በሽታም የዚህ ፈሳሽ መታወክ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። በጠርሙሶችና በብረት ፍቅፋቂ የተሞላ ትልቅ የእንጨት ገንዳ አሠርቶ፣ ከገንዳው የሚወጡትን የብረት ዘንጎች በሽተኞቹ በታመመው ገላቸው ላይ እንዲያሳርፉ ያደርጋል። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ያለቅሳል፤ ብዙዎቹ ተንፈራግጠው ይወድቁና ሲነሡ ተሻለን ይላሉ። ከባላባት እስከ ነጋዴ የፓሪስ ሰው ወደ ገንዳው ጎረፈ።

በ1784 ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ነገሩ እንዲጣራ ኮሚሲዮን አቋቋመ። ከአባላቱ መካከል በጊዜው በፈረንሳይ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ የዘመናዊ ኬሚስትሪ መሥራች ላቯዝዬ፣ የሥነ ፈለክ ሊቁ ባዪና ሐኪሙ ጊዮተን ይገኙበታል። የኮሚሲዮኑ አሠራር የሙከራ ሥራ ለሚያውቅ ሁሉ ዛሬም የሚያስደንቅ ነው። መርማሪዎቹ የዳኑ ሰዎችን ቃል በመሰብሰብ ጊዜ አላጠፉም፤ በሽታ በራሱም ጊዜ እንደሚሻል ያውቃሉና። የጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ ፈሳሹ አለ ወይስ የለም? ለዚህም ሁለቱን ምክንያቶች፣ ማለት «መግነጢሱን» እና የበሽተኛውን እምነት፣ አንዱን ካንዱ ነጥሎ መፈተን ያስፈልግ ነበር።

መስመር ራሱ ለምርመራው አልተባበረም። በእርሱ ፈንታ ደቀ መዝሙሩ ዴስሎን ቀረበ። ፍራንክሊን ያን ጊዜ የ78 ዓመት ሽማግሌና ሕመምተኛ ስለነበረ ከሙከራዎቹ አንዳንዶቹ በፓሲ መኖሪያው ተደረጉ። በአትክልት ቦታው ካሉት የአፕሪኮት ዛፎች አንዱን ዴስሎን «መግነጢስ» ሞላበት፤ ከዚያም ለዚህ ኃይል እጅግ የተጋለጠ ነው የተባለ የ12 ዓመት ልጅ ዓይኑ ታስሮ መጣ። ልጁ አራት ዛፎችን በተራ እንዲያቅፍ ተደረገ። በመጀመሪያው ላይ አላበው፤ እየቆየ ራሱን አዞረው፤ በአራተኛው ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ይህ አራተኛው ዛፍ «መግነጢስ» ከተሞላበት ዛፍ 8 ሜትር ያህል የራቀ ነበር። በላቯዝዬ ቤት ደግሞ ለአንዲት ሴት በተለያዩ ሲኒዎች ውኃ ቀረበላት። ምንም ባልተደረገበት ሲኒ ላይ ስትደርስ ተንፈራግጣ ወደቀች፤ ከወደቀችበት ስትነሣ እንድትጽናና የተሰጣት ውኃ «መግነጢስ» የተሞላበት ሆኖ ሳለ በሰላም ጠጣችው።

የኮሚሲዮኑ ውሳኔ አጭርና ግልጽ ነበር። ምናብ ያለ መግነጢስ ሰውን ያንዘፈዝፋል፤ መግነጢስ ያለ ምናብ ምንም አያደርግም፤ ስለዚህ ፈሳሽ የሚባል ነገር የለም። የመስመር ስም ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ጉድለቱ ከዚያ በኋላ በመጣው ዝምታ ላይ ነው። ልጁ በእርግጥ ወድቋል፤ ሴቲቱም በእርግጥ ተንፈራግጣለች። «ምናብ ነው» የሚለው ቃል የነገሩ መደምደሚያ ተደርጎ ተወሰደ እንጂ፣ ይህን ያህል ሰውነትን የሚያናውጥ ኃይል እንዴት እንደሚሠራና ለምን ጥቅም እንደሚውል የጠየቀ ብዙ ሰው አልነበረም። ዴስሎን አስቀድሞ፣ የምናብ ሕክምና የሚበጅ ከሆነ ሐኪሞች ለምን አይጠቀሙበትም ብሎ ነበር። ከመስመር ወገን ከተነገሩት ሁሉ ምናልባት ብልኁ ቃል ይኸው ነው፤ ሰሚ ግን አላገኘም።

በእንግሊዝ አገር ክርክሩ ወደ ጠብ ተለወጠ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሕክምና መምህር የነበረው ጆን ኤሊየትሰን በመግነጢስ ሕክምና አምኖ በመገኘቱ በ1838 ሥራውን ለቀቀ። በ1842 ዋርድ የተባለ ቀዶ ሐኪም በኖቲንግሃምሽር «በመግነጢስ እንቅልፍ» ላይ ያለ የአንድ የቀን ሠራተኛ እግር ከጭኑ ቆረጠ። ሪፖርቱ ለንጉሣዊው የሕክምናና የቀዶ ጥገና ማኅበር ሲቀርብ ከአባላቱ አንዳንዶቹ፣ ሰውየው ሕመሙን ዋጥ አድርጎ አስመስሏል ሲሉ ተከራከሩ። እግሩ ከጭኑ ሲቆረጥ ዝም ብሎ ማስመሰል የሚችል ሰው ቢገኝ እንኳ፣ ያ ችሎታው ራሱ መመርመር ይገባው እንደነበር ለማኅበሩ የታየው አይመስልም።

ሁግሊ ከዚህ ጠብ የራቀች በመሆኗ ሥራው ቀጠለ። በቤንጋል ትንኝ በሚያስተላልፈው ትል ምክንያት የሚመጣው የዝሆኔ በሽታ በወንዶች ብልት አካባቢ ግዙፍ እባጭ ያወጣል፤ አንዳንዱ አሥር ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል። በሽተኛው አይራመድ፣ አይሠራ፣ ከሰው አይቀላቀል። ቀዶውን ከመፍራቱ የተነሣ እባጩን ተሸክሞ ዓመታት ይኖራል። ኤስዴይል ሥቃይ በሌለበት ይቀዳል የሚለው ወሬ በተሰማ ጊዜ እነዚህ ሰዎች ከየመንደሩ ይመጡ ጀመር። በመጀመሪያዎቹ 8 ወራት ብቻ 73 ሥቃይ አልባ ቀዶ ሕክምናዎች ማድረጉን በ1846 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጿል።

የእንቅልፉ ሥራ እጅግ አድካሚ ስለሆነ ኤስዴይል ብዙም ሳይቆይ ለአገሬው ተወላጅ ረዳቶቹ ተወው። በሽተኛው ጨለማ ክፍል ውስጥ ይጋደማል፤ ረዳቱ ከራስጌው ሆኖ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እጁን ያዘዋውርበታል፤ ካልተሳካ በማግሥቱ ይደገማል። ሐኪሙ የሚገባው በሽተኛው ሲፈተን የማይነቃ ሆኖ ሲገኝ ነው። ታሪኩ የኤስዴይልን ስም ይዞ ቀረ እንጂ የድካሙ ትልቁ ድርሻ የእነዚህ ወጣት ሂንዱዎችና እስላሞች ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ነገር፣ ኤስዴይል ራሱ እስከ መጨረሻው የምናብን ነገር አለመቀበሉ ነው። ከረዳቱ ገላ ወደ በሽተኛው የሚፈስ እውነተኛ ኃይል አለ ብሎ ያምን ነበር። የተሳሳተ መላ ምት የያዘ ሰው እውነተኛ ውጤት ሊያገኝ እንደሚችል ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

በ1846 የቤንጋል መንግሥት የመረጣቸው መርማሪዎች ሥራውን ካልካታ ላይ ተመለከቱ። ከቀረቡላቸው በሽተኞች አንዳንዶቹ ብዙ ቀን ተደክሞባቸው ሊተኙ አልቻሉም። ከተቀደዱት መካከል ጭራሽ ያልተንቀሳቀሱ ነበሩ፤ ሌሎቹ ፊታቸው ተኮማትሯል፣ ገላቸው ተወራጭቷል፤ ሲነቁ ግን ሕመም አናስታውስም ብለዋል። መንግሥት በዚህ ሪፖርት መሠረት ለአንድ ዓመት የሚቆይ የሙከራ ሆስፒታል በካልካታ ፈቀደ።

በኋላ በተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ኤስዴይል የቀዶ ሕክምናን ሞት ከመቶ 50 ወደ 5 አወረደ ተብሎ ይገኛል። ይህ አባባል በጥንቃቄ መታየት አለበት። ኤስዴይል 161 የእባጭ ቀዶዎችን መዝግቦ ሞቱ ከመቶ 5 ያህል መሆኑን ጽፏል። «50» የሚባለው ማነጻጸሪያ ግን በተመሳሳይ በሽተኞች ላይ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ከተያዘ መዝገብ የመጣ አይደለም። ከዚህም ሌላ ሊስተር ቁስልን ከመመረዝ የመጠበቅን ዘዴ ያስተዋወቀው ከ1865 ወዲህ ስለሆነ፣ በዚያ ዘመን ገዳዩ ደም መፍሰስና የቁስል መመረዝ ነበር። ሕመምን ማስታገስ በእነዚህ ላይ ምን ያህል ኃይል እንደነበረው ከመዝገቡ ማወቅ አይቻልም። ኤስዴይልን የሚያስመሰግነው የሕመሙ መራቅ ነው፤ ይህም ብቻውን ትንሽ ነገር አይደለም።

ኤተር በ1847 ካልካታ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ሲምፕሰን በኤዲንብራ የክሎሮፎርምን ጥቅም አሳወቀ። ውድድሩም ወዲያው አበቃ። ረዳት ሁለት ሰዓት ደክሞ፣ ምናልባት ላይሳካለት የሚሞክረውን፣ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ በደቂቃዎች ውስጥ ለሁሉም ሰው ያደርገዋል። ሥራውን በጊዜና በአስተማማኝነት ለሚለካ ሁሉ ምርጫው አከራካሪ አልነበረም፤ ተገቢም ነበር። ክሎሮፎርም አንዳንዱን በሽተኛ ከገበታው ላይ የሚገድል መሆኑ የታወቀው ወዲያው ቢሆንም እንኳ ወደ ኋላ የተመለሰ የለም። ኤስዴይል በ1851 ሕንድን ለቅቆ ሄደ፤ በ1859 ሞተ።

ነገሩን ከመግነጢስ ያላቀቀው በማንቸስተር ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ጄምስ ብሬይድ ነው። በ1841 አንድ የመግነጢስ ትርኢት አሳይን ለማጋለጥ ሄዶ፣ የተመልካቹ ዓይን በአንድ ነጥብ ላይ ሲተከል የሚደርሰው ለውጥ እውነት መሆኑን ተገነዘበ። በ1843 ባሳተመው መጽሐፍ እንቅልፍ ከሚለው የግሪክ ቃል ተነሥቶ ለክስተቱ ዛሬ የምናውቀውን የሂፕኖቲዝምን ስም አወጣለት። የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር ሂፕኖቲዝምን ለሕክምና ጠቃሚ ነው ብሎ የተቀበለው በ1955፣ የአሜሪካው ደግሞ በ1958 ነው።

ፍራንክሊንና ጓደኞቹ ጀምረው የተዉት ጥያቄ፣ ማለት ምናብ እንዴት ይሠራል የሚለው፣ መልስ ማግኘት የጀመረው ከዚያም በኋላ ነው። በ1978 በካሊፎርኒያ፣ ጥርሳቸውን ለተነቀሉ በሽተኞች የውሸት መድኃኒት ተሰጥቶ ሕመማቸው ቀለል ሲላቸው፣ የሞርፊንን ሥራ የሚሽር ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት ተጨመረ፤ ሕመሙም ተመለሰ። ከዚህ የተነሣ መርማሪዎቹ፣ ተስፋ ራሱ አካል የሚሠራውን ሞርፊን መሰል ቅመም ሳያፈልቅ አይቀርም አሉ። በ1997 በሞንትሪያል እጃቸውን 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውኃ ውስጥ የነከሩ ሰዎች በሂፕኖቲዝም ሥር ሆነው፣ ሕመሙ እንዲከፋባቸው ወይም እንዲቀላቸው ተነገራቸው። በአንጎል ውስጥ የሕመምን ክፋት ከመቀበል ጋር የተያያዘው ክፍል እንደ ንግግሩ ሲለዋወጥ፣ ስሜቱን በመጀመሪያ የሚቀበለው ክፍል ግን ብዙም አልተለወጠም። ሙቀቱ ይደርሳል፤ ክፋቱ ይቀራል እንደ ማለት ነው። በካልካታ ገላቸው እየተወራጨ ሕመም አናስታውስም ያሉት በሽተኞች በዚህ ብርሃን ሲታዩ የዋሾ ስም ላይገባቸው ይችላል።

ይህ ሁሉ ሂፕኖቲዝም ዕጢ ያሟሟል፣ ኢንፌክሽን ይፈውሳል ማለት አይደለም። በሁግሊም ቢሆን እባጩን ያስወገደው ቢላዋው ነው። የሚያስከትለው ጉዳትም አለ፤ በምናብ እድናለሁ ብሎ መድኃኒቱን የጣለ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በጥንቃቄ በተደረገ ሙከራ ጥቅሙ የታየው ሕመምን፣ ፍርሃትንና ከነርቭ ጋር የተሳሰሩ አንዳንድ ሕመሞችን በማቃለል ነው። ለምሳሌ በ1984 በማንቸስተር በሌላ ሕክምና ባልተሻላቸው 30 የአንጀት ቁርጠት ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ጥናት ይጠቀሳል።

በቤልጅግ አገር በሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከ1992 ጀምሮ የሚደረገው ሥራ ደግሞ ሁለቱን ወገኖች በአንድ ገበታ ዙሪያ ያገናኘ ነው። ማሪ ኤሊዛቤት ፈይሞንቪል የተባለችው የማደንዘዣ ሐኪም ባስጀመረችው ዘዴ የአንገት ዕንቅርትን የመሰለ ቀዶ በሺህ በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ተደርጓል። በሽተኛው ሙሉ በሙሉ አይተኛም። ከቀዶው በፊት ከሕይወቱ ደስ ያሰኘውን አንድ ትዝታ፣ የባሕር ዳር ጉዞም ሆነ የልጅነት ቤቱን፣ እንዲመርጥ ይጠየቃል። ሐኪሟ በለሰለሰ ድምፅ ወደዚያ ትዝታ ትመራዋለች፤ የሚቀደደው ቦታ በመርፌ ይደነዝዛል፤ ጥቂት ማረጋጊያም በደም ሥሩ ይሰጠዋል። የሙሉ ማደንዘዣው መሣሪያም ከአጠገቡ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በሽተኛው ካመመው ይናገራል፤ ሐኪሟም ሳትከራከረው መድኃኒቱን ትጨምርለታለች።