ድምፃችን የት የት ተቀምጦ ተገኘ?

ሰሞኑን እኛ የዚህ ዓምድ ሰዎች አዲስ አመል አውጥተናል። አሮጌ ቅጂ ባገኘን ቁጥር ሰብሰብ ብለን እንሰማለን፤ ከዚያ ታሪኩን መጎርጎር ነው። ካገኘናቸው ውስጥ ሦስቱን እነሆ ብለናል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ፦ ንጉሡ በሰም ላይ

የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምፃቸውን ቀድተው ላኩ። መሣሪያው ፎኖግራፍ ነው። በቀንዱ ውስጥ ሲናገሩ ድምፁ መርፌዋን ያንቀጠቅጣታል፤ እሷም የሚሽከረከረውን ሰም እየጫረች ድምፁን ትጽፈዋለች። ምኒልክና ጣይቱም በ1899 በዚያው መንገድ መለሱ። የንግሥቲቱ ሰም ከተሰማ በኋላ በራሳቸው ፈቃድ እንዲጠፋ ተደርጓል። የእኛዎቹ መልስ ግን ባሕር ተሻግሮ ተረፈ፤ ዛሬም ይሰማል። ይንሻሻል፣ ይቆራረጣል፤ ቢሆንም በዐድዋ ያዘመተው ድምፅ ነው። ስንሰማው ሁላችንም ዝም አልን።

ሁለት፦ የይድነቃቸው አባት

ይድነቃቸው ተሰማን የማያውቅ የኳስ ወዳጅ የለም፤ ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካን እግር ኳስ የመሩ ሰው ናቸው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ደግሞ በ1908 ስለ መኪና ሊማሩ ጀርመን ሄዱ። ለመኪና የሄዱት ሰው ቤካ ለተባለ የሸክላ ኩባንያ ዘፈን ቀድተው ተመለሱ! እነዚህ ሸክላዎች የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያ ቅጂዎች ተብለው ይታወቃሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ መልሶ ያሰማን ደግሞ ቡዳ ሙዚክ የተባለ የፓሪስ አሳታሚ ነው፤ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ አልበሙ 27ኛ ቁጥር።

ሦስት፦ ሕግ ያልበገረው ባለሱቅ

ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የአገር ፍቅር ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣቱ አምኃ እሸቴ የመጣው ይምጣ ብሎ በ1969 አምኃ ሪከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። (እሸቴ የሚባል አባት ያለው ሁሉ ከሸክላ ጋር ቃል ኪዳን አለው እንዴ?) ማተሚያ አገር ውስጥ ስላልነበረ ቅጂው ህንድ ሄዶ ታትሞ መጣ። የሙላቱ አስታጥቄን ኢትዮ ጃዝ በሸክላ ካወጡት አንዱም ይኸው ቤት ነው። አብዮቱ መጣ፤ አምኃ በ1975 አገር ጥሎ ወጣ። ዓለም «ኢትዮፒክስ» ብሎ ያበደለት ሙዚቃ ብዙው የእሱ ሥራ ነው።

ሦስቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር ከነከነን። የቀዱት የእኛ ሰዎች ናቸው፤ ያስቀመጡልን ግን በአብዛኛው ሌሎች ናቸው። እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ ፓሪስ! «ወሰዱብን» ብሎ ማማረር ይቀላል። ባይቀመጡልን ኖሮ ግን ዛሬ የምንሰማው ባልነበረ።

አሁን ተራው የካሴት ነው። ከሸክላው ዘመን በኋላ የመጣው ዘፈን፣ የሠርግ ቅጂ፣ ካረብ አገር በካሴት ተቀድቶ የተላከ የእህት ሰላምታ፣ ያያቶቻችን ምርቃት፣ ሁሉም በየቤታችን ካርቶን ውስጥ ነው። ካሴት ማለት ድምፅ የተጻፈበት ዱቄት የተለጠፈበት ፕላስቲክ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ዱቄቱ ይረግፋል። የረገፈውን የሚመልስ ባለሙያ የለም። ለእናታችን ምርቃት ደግሞ ከፓሪስ የሚመጣ አሳታሚ አይኖርም።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ የሚሠራ ቴፕ፣ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር የሚሄድ ገመድ፣ አንድ የእሑድ ከሰዓት። ከተቀዳ በኋላ አንዱን ቅጂ ለራስ፣ አንዱን ለወንድም መስጠት ነው። የምኒልክን ድምፅ ያተረፈው ሌላ ሰው ጋ መቀመጡ አይደል?

ካርቶኑ አልጋ ሥር ነው። እናታችሁን ጠይቁ፤ የት እንዳለ እሷ ታውቃለች።