አለቃ የሌለው ጉባኤ እንዴት ይወስናል?

ሰዎች ለምክር በተሰበሰቡበት ቦታ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎች አብረው ይሰበሰባሉ፤ ማን ይናገራል? ማን ይወስናል? የተወሰነውንስ ማን ይፈጽማል? ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ድምፅ ቆጣሪ ባሉበት ማኅበር የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በመተዳደሪያው ደንብ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። አዛዥና ታዛዥ በሌሉበት፣ የአባላት መዝገብ እንኳ ባልተዘጋጀበት ስብሰባ ግን መልሱ ምን ሊሆን ይችላል? በምሕንድስና ሙያ ታሪክ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱና በተግባር ለረዥም ጊዜ የተፈተነው፣ የኢንተርኔትን የመገናኛ ደንቦች የሚያወጡት መሐንዲሶች የስብሰባ ሥርዓት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበውም የዚሁ ሥርዓት አመጣጥና አካሄድ ሲሆን፣ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያልበሰለ ሐሳብ የተፈቀደበት ጅምር

ነገሩ የተጀመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ነው። የዚያች አገር መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ክፍል ተራርቀው የሚገኙትን ኮምፒዩተሮች የሚያገናኝ፣ አርፓኔት የተባለ መረብ ለመዘርጋት ገንዘብ በመደበ ጊዜ፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ጣቢያዎች በሎስ አንጀለስና በሳንታ ባርባራ የሚገኙት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የስታንፎርድ የምርምር ተቋምና የዩታ ዩኒቨርሲቲ ነበሩ። በእነዚህ ጣቢያዎች ያሉት ኮምፒዩተሮች የተለያዩ እንደ መሆናቸው መጠን በምን ደንብ እንደሚግባቡ መወሰን ያስፈልግ ነበር፤ ይህም ሥራ በአብዛኛው የወደቀው በድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ትከሻ ላይ ነው። ተማሪዎቹ ሥልጣንና ልምድ ያለው የባለሙያዎች ቡድን አንድ ቀን ከምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል መጥቶ ሥራውን ይረከበናል እያሉ ይጠባበቁ ነበር። የተጠበቀው ቡድን ግን ሳይመጣ ቀረ።

ከተማሪዎቹ አንዱ የነበረው ስቲቭ ክሮከር በስብሰባዎቹ ላይ የተነሡትን ሐሳቦች በጽሑፍ ማኖር እንደሚገባ ተረድቶ፣ የመጀመሪያውን ማስታወሻ ኤፕሪል 7 ቀን 1969 አወጣ። ጽሑፉ እንደ ትእዛዝ ተቈጥሮ ሌሎችን እንዳያስቀይም በመስጋትም «አስተያየት ይሰጥበት» የሚል ትሑት መጠሪያ መረጠለት። በዚያው ወር በወጣው ሦስተኛው ማስታወሻ ደግሞ የአጻጻፉ ሥርዓት ተወሰነ። በዚህም መሠረት ማስታወሻ ከመጣራቱ ይልቅ በጊዜው መድረሱ የሚመረጥ ሆነ፤ ምሳሌ ያልታከለበት ንድፈ ሐሳብም ሆነ መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ ተቀባይነት አገኘ፤ የጽሑፉም ትንሹ ርዝመት አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ተደነገገ። ለዚህ የተሰጠው ምክንያት አስተዋይነትን የተመላ ነው። በጽሑፍ የሰፈረ ቃል ሁሉ በራሱ ሥልጣን እንዳለው አድርጎ የማየት ልማድ ስላለ፣ ሰዎች ያልበሰለ ሐሳባቸውን ለሌላው ከማሳየት ይቆጠባሉ፤ ደንቡ የታሰበው ይህን ፍርሃት ለማስወገድ ነበር። አለቃ የሌለው ጉባኤ የመጀመሪያው መመሪያ እንዲህ ተገኘ፦ ለመናገር ፈቃድ አይጠየቅም፤ የተነገረውም ሁሉ እንደ መጨረሻ ቃል አይቈጠርም።

እጅ የማይቈጠርበት ስብሰባ

መረቡ እየሰፋ ሲሄድ ስብሰባውም ቋሚ መልክ ያዘ። የኢንተርኔት ምሕንድስና ግብረ ኃይል የተባለው ጉባኤ በጃንዋሪ 1986 በሳን ዲዬጎ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰበሰብ የተገኙት ተሳታፊዎች 21 ብቻ ነበሩ። መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ለሚሰጣቸው ተመራማሪዎች ብቻ የነበረው በር፣ በዚያው ዓመት ወደ መጨረሻው ላይ ለሌሎችም ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ጉባኤው አባል የሚባል የለውም፤ የመጣ ሁሉ ተሳታፊ ነው። ተሳታፊውም የሚናገረው በራሱ ስም እንጂ በቀጣሪው ድርጅት ወይም በአገሩ መንግሥት ስም አይደለም።

ይህ አሠራር የራሱን ችግር ይዞ መጣ። አባል ከሌለ የድምፅ መብት ያለውን ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ ድምፅ ቢቈጠርም አንድ ኩባንያ ሠራተኞቹን በብዛት አሰልፎ ውጤቱን በገንዘቡ ኃይል ሊገለብጠው ይችላል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ለየት ያለ ዘዴ ተጠቀሙ። የሥራ ቡድኑ ሰብሳቢ የተሰብሳቢውን ዝንባሌ ለማወቅ ሲፈልግ፣ በመጀመሪያ ሐሳቡን የሚደግፉት፣ ቀጥሎም የሚቃወሙት አፋቸውን ገጥመው «እምም» የሚል ድምፅ እንዲያሰሙ ይጠይቃል። ድምፁ የማን እንደ ሆነ ስለማይለይ ሰው አለቃውን ወይም ባልደረባውን ሳይፈራ ይገልጻል፤ በቍጥር ስለማይወሰንም አሸናፊና ተሸናፊ አይመዘገብም። የድምፁ ክብደት ለሰብሳቢው የሚነግረው ውይይቱ ወዴት እንዳዘነበለና ገና ያልተፈታ ቅሬታ መኖር አለመኖሩን ነው። ከዚህም በላይ፣ በአዳራሹ የተደረሰበት ስምምነት በቦታው ላልተገኙት በኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ቀርቦ ካልጸና በስተቀር የመጨረሻ ሊሆን አይችልም።

የ1992 ፈተና

ሥርዓቱ ከባድ ፈተና የገጠመው በ1992 ነው። ኢንተርኔት ለኮምፒዩተሮች የሚሰጠው አድራሻ በ32 ቢት የሚጻፍ በመሆኑ ከ4.3 ቢሊዮን ያህል ሊበልጥ አይችልም ነበር። አድራሻውም ለየድርጅቱ በትላልቅ ጥቅል ይታደል ስለ ነበር፣ አንድ ድርጅት ከ65,000 በላይ አድራሻ ይዞ ጥቂቱን ብቻ የሚጠቀምበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህም የተነሣ መካከለኛ መጠን ያላቸው ጥቅሎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደሚያልቁ በግልጽ ይታይ ጀመር። በዚያን ጊዜ በኢንተርኔቱ ሥራ ላይ የበላይ ሆኖ ይመራ የነበረው ቦርድ በጃፓን አገር በኮቤ ከተማ የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስብሰባ ተከትሎ፣ ለአዲሱ የአድራሻ ሥርዓት መነሻ እንዲሆን ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ያወጣውንና አድራሻው እስከ 20 ባይት የሚደርሰውን ፕሮቶኮል አቀረበ።

የቦርዱ ሐሳብ በቴክኒክ ረገድ የሚናቅ አልነበረም፤ ጊዜው አጭር መሆኑም እውነት ነው። ቁጣውን የቀሰቀሰው ግን የአካሄዱ ነገር ሆነ። ሥራውን የሚሠሩት መሐንዲሶች ባልመከሩበት ጉዳይ ከላይ ውሳኔ መጣብን አሉ፤ ደግሞም ፕሮቶኮሉን ወደ ፊት የማሻሻሉ ሥልጣን ከእጃቸው ወጥቶ፣ የየአገሩ መልእክተኞች ድምፅ እየሰጡ ወደሚወስኑበት ድርጅት እንዳይሄድ ሠጉ። በሐምሌ ወር በአሜሪካ በካምብሪጅ ከተማ የተደረገው ሃያ አራተኛው ጉባኤ በዚህ ክርክር ተናወጠ። ከአርፓኔት ዘመን ጀምሮ የነበረውና የቦርዱ አባል የሆነው ቪንት ሰርፍ በመድረኩ ላይ ቆሞ ካፖርቱን፣ ሰደርያውንና ሸሚዙን አንድ በአንድ አውልቆ፣ የኢንተርኔትን ፕሮቶኮል የሚያሞግስ ጽሑፍ ያለበትን ከነቴራ በማሳየት የተቆጣውን ጉባኤ አሳቀው። ቦርዱም ሐሳቡን አንሥቶ ጉዳዩን ለጉባኤው መለሰ።

በዚሁ ጉባኤ ላይ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ምሁርና ቀደም ሲል የቦርዱ ሰብሳቢ የነበረው ዴቪድ ክላርክ፣ መሐንዲሶቹ በልማድ ይዘውት የኖሩትን እምነት በአጭሩ ገለጸው። ጉባኤው በንጉሥም ሆነ በፕሬዚዳንት እንደማይገዛ፣ ድምፅ በመቍጠርም እንደማይወስን፣ የሚያምነው በግርድፍ ስምምነትና በሚሠራ ፕሮግራም እንደ ሆነ ተናገረ። የንግግሩ ሁለተኛ ክፍል ከመጀመሪያው ያላነሰ ክብደት አለው። ስምምነት ብቻውን ሰዎች እርስ በርሳቸው መደሳታቸውን ሊያመለክት ይችላል፤ ፕሮግራሙ በተለያዩ እጆች ተጽፎ፣ በተለያዩ ማሽኖች ላይ ሲሠራ ማየት ግን ከአዳራሹ ውጭ ያለ፣ አንደበተ ርቱዕነት የማያታልለው ዳኛ ነው። አለቃ የሌለው ጉባኤ ያለ ዳኛ እንዳይቀር ያደረገውም ይኸው ነው።

ከግርግሩ በኋላ የተከተለው ማሻሻያም ሊታወስ ይገባዋል። ስታንዳርዶችን የማጽደቁ ሥልጣን ከቦርዱ ተነሥቶ ወደ ሥራው ቀረብ ወዳለው የምሕንድስና አመራር ቡድን ተዛወረ። መሪዎቹን የሚመርጠው ኮሚቴ ደግሞ በጉባኤዎች ከተሳተፉ በጎ ፈቃደኞች መካከል በዕጣ እንዲወጣ ተደረገ። ዕጣው የሚወጣበት ስሌት አስቀድሞ ስለሚታተም ማንም ሰው ቁጥሩን አስልቶ አወጣጡ ትክክል መሆኑን ሊያረጋግጥ ይችላል። ሥልጣን ፈጽሞ እንዳይኖር አልተደረገም፤ ማንም እንዳይጨብጠው ብቻ በብልሃት ተበተነ።

ተቃውሞን መመዘን

ግርድፍ ስምምነት የሚባለው ነገር በብዙዎች ዘንድ «አብላጫው ከተስማማ ይበቃል» ማለት ይመስላል። በ1998 የወጣው የሥራ ቡድኖች መመሪያ ግን 51 በመቶ ሰው መስማማቱ እንደማይበቃ ይናገራል። በ2014 ፒት ሬስኒክ ያዘጋጀው ጽሑፍም ነገሩን ይበልጥ አብራርቶታል። በእርሱ አገላለጽ ሰብሳቢው ሊመረምረው የሚገባው ስንት ሰው እንደ ደገፈ ሳይሆን፣ የቀረበው ተቃውሞ መልስ ማግኘት አለማግኘቱን ነው። አንድ ሰው ብቻውን ያነሣው ጉድለት እውነተኛ ሆኖ መልስ ካላገኘ መቶ ደጋፊ ቢኖርም ስምምነት የለም። በአንጻሩም ተቃውሞው ተመርምሮ ተገቢ መልስ ከተሰጠበት፣ ተቃዋሚው ባይረካም፣ ቁጥሩም ቢበዛ፣ ሥራው ወደ ፊት ሊሄድ ይችላል። ድልድይ ሲሠራ ምሰሶው ሸክሙን አይችልም የሚል አንድ መሐንዲስ ቢነሣ፣ ክርክሩ በስሌት እንጂ እጅ በማውጣት እንደማይፈታ ለሙያው ሰው ግልጽ ነው።

ሥርዓቱ የሚያስከፍለው ዋጋም አለ። ከ1992ቱ ክርክር የተወለደው አዲሱ የአድራሻ ሥርዓት በሐምሌ 1994 በቶሮንቶ ጉባኤ ላይ ተመርጦ፣ ዝርዝሩ በዲሴምበር 1995 ወጣ፤ የአድራሻው ርዝመት 128 ቢት ሆነ። ሆኖም ጉባኤው መጻፍ እንጂ ማስገደድ ስለማይችል፣ ከሠላሳ ዓመታት በኋላም የቀድሞው የ32 ቢት አድራሻ ከሥራ አልወጣም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ። በሩ ለሁሉ ክፍት ነው ቢባልም፣ በዓመት ሦስት ጊዜ ባሕር ተሻግሮ ለመገኘት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ በእንግሊዝኛ በሚካሄድ ፈጣን ክርክር ውስጥ ለመግባትም የቋንቋ ችሎታና ድፍረት ያሻል። በማርች 2020 በቫንኩቨር ሊደረግ የነበረው ጉባኤ በወረርሽኙ ምክንያት በኢንተርኔት አማካይነት ብቻ እንዲካሄድ በተወሰነ ጊዜ ደግሞ፣ በአንድ አዳራሽ አብሮ «እምም» ማለት ስለማይቻል በስክሪን ላይ የተሳታፊውን ዝንባሌ የሚያሳይ ዘዴ መፈለግ ግድ ሆነ። ይሁን እንጂ ዘዴው ቢለወጥም የሰብሳቢው ግዴታ አልተለወጠም፤ የተቃውሞውን ምክንያት ጠይቆ መስማት አለበት።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አለቃ አያስፈልግም የሚል አይደለም። ራሱን በራሱ የሚመራ ጉባኤ ደንብ የለሽ ጉባኤ ከሆነ፣ ጉልበተኛው ወይም ተናጋሪው ሳይሾም አለቃ ይሆንበታል። የኢንተርኔት መሐንዲሶች ከዚህ የዳኑት ጥቂት ደንቦችን አጥብቀው በመያዛቸው ነው። ያልበሰለ ሐሳብ ሳያፍር እንዲቀርብ ፈቀዱ፤ ላልተገኘው ሰው ድምፅ ቦታ ተዉ፤ ተቃውሞን ከመቍጠር ይልቅ መዘኑ፤ የመጨረሻውንም ፍርድ ለሚሠራ ሥራ ሰጡ። በየመሥሪያ ቤቱና በየማኅበሩ ሁሉም በዝምታ ተስማምቶ ከወጣ በኋላ በደጅ የሚጀመረው ማጉረምረም፣ አንድም ጥያቄ በወቅቱ ሳይመዘን እንደ ታለፈ የሚያሳይ ምልክት ነው። ያን ጥያቄ ስብሰባው ሳይበተን አንሥቶ መልስ እንዲያገኝ ማድረግ፣ ሰብሳቢ ለተባለ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ሥራው ሊሆን ይገባል።